የመስኮቷ ልጅ

ጄኖቫ፣ ከወደቡ በላይ፣ ከአሮጌው ቴአትር ደጃፍ
ዝናብ ያራሰው ሕዝብ ቆሟል፣ ጃንጥላውን አጥፎ ሊያልፍ።
ያ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ስድሳ ዓመት የኖሩበት፣
የአባቶቻቸውን ሰፈር፣ የራሳቸውን ደረጃ ያዩበት፣
ዛሬ ሥጋ ለብሶ ሊቆም ነው፣ በመድረክ፣ በሰው አንደበት።

ኦታቪዮ አለ፣ ጡረተኛ መርማሪ፣ ሦስተኛው ረድፍ ዳር፣
ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል የጀመረ መቆጣጠር፤
«ሽጉጡ በግራ ኪስ ነበር፣ ባርኔጣውም ጥቁር ነው፤
ይሄማ ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን፣ ለሠርግ የመጣ ሚዜ ነው።»

ባቺቻ፣ የወደብ ክሬን ሲነዳ የኖረ፣ ድምፀ ወፍራም፣
ቃለ ተውኔቱን በልቡ ይዟል፣ ከተዋናዩ አይዘገይም፤
እንዲያውም ይቀድመዋል። ገዳዩ ገና አፉን ሳይከፍት
«እዚህ አገር ምስጢር የሚጠብቅ ባሕር ብቻ ነው» ሲል ሰሙት፤
ከኋላ ሳቅ ፈነዳ።
ተዋናዩ ላፍታ ቆመ፣ ወደ ጨለማው አየና
ያንኑ ቃል ደገመው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ምስጋና።

የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ጭስ የለ፣ ደም የለ፤
አንድ ሻንጣ ከላይ ወድቆ ጣውላው ላይ ጓ አለ።
ገሚሱ ደንግጦ ዘለለ፣ ገሚሱ ከንፈር መጠጠ፤
አንዱ «ለዚህ ነው ሠላሳ ዩሮ?» ብሎ ቲኬቱን ጨበጠ።

በዕረፍቱ መተላለፊያው ንብ እንደ ሰፈረበት ቀፎ፣
ሁሉ ዳኛ፣ ሁሉ ሐያሲ፣ በእጁ ብርጭቆ ደግፎ።
«ፊልሙ ፊት ነበረው፣ ይህ ጀርባ ብቻ ነው» ኦታቪዮ ይላል፤
ሚስቱ ቱሊያ፣ «ያኔ ወጣት ነበርክ፣ የናፈቀህ እሱ ይሆናል።»
ጂኔቭራ፣ የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ፣ ፊልሙን ጭራሽ አላየችም፤
«ማን ገደለው?» ስትል ሁሉም ዞረ፤ አንድም ሰው አልነገራትም።
ሲጨቃጨቅ ያመሸ ሕዝብ፣ በዚያች አንዲት ዝምታ
ያለ ምክክር፣ ያለ ድምፅ ቆጠራ፣ ተስማማ ላንድ አፍታ።

ከጥግ ግን፣ ኮት ከሚሰቀልበት፣ ኤርሲሊያ ቆማለች ብቻዋን፤
ማንም አላወቃት፣ ሽበት ሸፍኖት ያን የልጅነት መልኳን።
ያቺ በመስኮት የታየች ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ምስክር፣
ሰው ሲገደል ዓይኗ ፈጦ የቀረች በየግድግዳው ፖስተር፣
እሷ ናት።

ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች «ምን ዓይነት ድንጋጤ ነው!» አሏት፤
ፊቷን በፖስታ ካርድ ሸጡት፣ በመጽሔት ገጽ አተሙት።
እሷ ግን ምን እንዳየች ለማንም ትንፍሽ አላለች፤
ያን ቀን መንገዱ ላይ ሬሳ አልነበረም፤ «ወደ ማዶ እዪ» አሏት፣ አየች፤
ከጎረቤት ጣሪያ ጠርዝ አንዲት ነጭ ድመት ነበረች፣
ኋለኛ እግሯ ሸርተት ብሎ።
ለድመቷ ነው የደነገጠች።
(ድመቷ አልወደቀችም።
ዘልላ ሰገነት ላይ አረፈች፣ ዞር ብላም አላየችም።)

ሁለተኛው ክፍል ተከፈተ። የመስኮቱ ተራ ደረሰ።
ልጅ የለችም በመድረኩ፤ ብርሃን ብቻ ባዶ ክፈፍ ላይ ፈሰሰ፤
ነፋስ የነካው መጋረጃ አንዴ ተንቀሳቀሰ።
ከታችም፣ ጣውላው ላይ፣ ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ፣
«እናቴ ራት ይዛ ትጠብቀኛለች» አለ። ማንም አልተነቃነቀ፤
ባቺቻ እንኳ ቀጣዩን ቃል በጉሮሮው አነቀ።
ሻንጣው ዳግም ጓ አለ።

ኤርሲሊያ እጇን ባፏ ላይ ጫነች፤ ባዶውን መስኮት አየችው፤
እዚያ የቆመችው እሷ ነበረች፤ ሟቹን ግን ዛሬ ነው ያገኘችው።
የስድሳ ዓመት ውዝፍ እንባ፣ ለማታውቀው ለዚያ ሰው፣
ለአንድ ሻንጣ ድምፅ ተከፈለ፤ መሐረቧ አልበቃው።

ጭብጨባው ወዲያው አልመጣም፤ እንደ ዘገየ ዝናብ ጣለ፤
ገሚሱ ከወንበሩ ተነሳ፣ ገሚሱ ኮቱን ይዞ ኮበለለ።
«መብራቱ ደኅና ነው» አለ ኦታቪዮ፣ ምስጋና የማይሆንለት፤
ጂኔቭራ ገዳዩን አወቀች፤ አሁን ግን ሟቹ ነው ያሳሰባት።

በሩ ላይ አንድ ሰው ኤርሲሊያን፣ እንዲሁ ለወግ ያህል፣
«ፊልሙ ይሻል ነበር፣ አይደል?»
«ፊልሙ ላይ ድመት ነበረች» አለችው፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ።
አልገባውም፤ ሳቀ።
እሷም በጠባቡ ደረጃ ወረደች፣ በዚያ ካፊያ፣ በዚያ ማታ፣
በየመስኮቱ ሥር ስታልፍ አንገቷን ወደ ላይ አንስታ።